ቁልፊት የያዘችው ድምፅ

የሙዚቃና ድራማ ክበቡን በተረከብኩበት ቀን ተማሪዎቹ የሚቀልዱብኝ መስሎኝ ነበር። ረጅሙ እያሉ የሚጠሩት የአስራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ፣ ጉልበቱ ከፒያኖው ሥር አልገባ ስላለው ወደ ጎን ተጣሞ ተቀምጦ፣ ለዓመቱ መዝጊያ ድራማ ያዘጋጁትን የመሰናበቻ ዘፈን ይጫወታል። መሃል ላይ ሲደርስ አንዷ ቁልፍ ድምፅ አልሰጠችም፤ ሰው ጠረጴዛ በጣቱ የነካ ያህል ብቻ ተሰማ። ያኔ ከፒያኖው ጎን መዳፏን እንጨቱ ላይ አሳርፋ የቆመች ቀጭን ልጅ አፏን ከፈተችና የጎደለችውን ድምፅ ሞላቻት። ከዚያ ዝም አለች። ከሁለት ስንኝ በኋላ እንደገና ያቺኑ አንዲት ድምፅ፤ እንደገና ዝም።

ማንም አልሳቀም። ፊቱን የሚያደርግበት ያጣው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ነገሩን ያስረዳኝ ረጅሙ ነው። የዚያች ቁልፍ ክር ከተበጠሰ ሦስት ዓመቱ ነው። የቀድሞው አስተማሪያቸው ለትምህርት ቢሮ አመለከቱ፤ ቢሮው «ይታያል» አለ፤ ሳይታይ ከረመ። ሽማግሌው ጡረታቸው እየቀረበ ስለነበር «ይታያል»ን ቁጭ ብለው የሚጠብቁበት ጊዜ አልነበራቸውም። ከክፍል ክፍል ዞረው፣ ያቺን ድምፅ ሳትወጣ ሳትወርድ የምትይዝ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አገኙ። ልጅቷን የዘፈን ቡድኑ አንድ ጊዜ ፈትኖ መልሷት ነበር፤ ከሰው ጋር ስትዘፍን ድምፅዋ መንገድ ይስታል። ይህቺን አንዷን ግን ከእንቅልፏ ቀስቅሰው ቢጠይቋት አትስትም። ስሟን ቁልፊት አሏት። ወጣላት።

«በመሰናበቻው ውስጥ አስራ ዘጠኝ ቦታ አለኝ፣ ቲቸር» አለችኝ፣ ሰው የቤቱን ክፍሎች ቆጥሮ እንደሚናገረው።

ክበቡ በየመንፈቀ ዓመቱ ለእናቷ ደብዳቤ ይጽፋል። እናትየው ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ የሸሚዝ ኮሌታ ይሰፋሉ፤ ልጃቸው ከትምህርት እንደወጣች እዚያው መጥታ አዝራር እንድትተክል ይፈልጉ ነበር። ክበቡ ውስጥ ያቆያት ያ ወረቀት ብቻ ነው፦ ልጅዎ ለክበባችን ታስፈልገናለችና እስከ አስራ አንድ ሰዓት እንድትቆይ ይፍቀዱላት። የመጀመሪያውን ስፈርም ግድግዳ ተደግፌ፣ በቅጡ ሳላነበው ነው።

ከሩቅ አገር ተምሬ ከተመለስኩ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ይህ ሦስተኛ ሥራዬ ነው። የተማርኩበት ቤት ፒያኖዎቹ በየወሩ ይቃኛሉ። የቁልፊትን ነገር መጀመሪያ ወደድኩት፤ ውዬ ሳድር አፈርኩበት፤ በማፈሬ ደግሞ መልሼ አፈርኩ። ወላጆች ሊመጡ ነው፤ ሰው የፒያኖ መለዋወጫ ሆኖ ቢያዩ ምን ይላሉ? ብልሃት ነው ወይስ ጉድለትን መልመድ? እሱን ለመለየት አንድ ሳምንት ባስብ ይሻል ነበር። አላሰብኩም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ፒያኖ ቃኚ አመጣሁ። ድንገት ደስ ላሰኛቸው ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። ሰውየው አዲስ ክር አስገባ። ከዚያ ሌሎቹን አንድ በአንድ ነካክቶ፣ ሁሉም እኩል ስለወረዱ ነው እንጂ ያልታወቃችሁ ፒያኖው ከልኩ ወርዷል አለኝና ሙሉውን ወደ ላይ ቃኘው። ሲጨርስ እንጨቱን ወለወለ፤ ጎኑ ላይ ቀለሙ የለቀቀበት የመዳፍ ያህል ቦታ ሲያገኝ ቆም አለ።

«እዚህ ጋ ሰው ነበር» አለ።

ተማሪ ናት አልኩት። ራሱን ነቀነቀና መሣሪያውን ሰበሰበ።

ሰኞ ሁሉም ሲሰበሰቡ ምንም ሳልል ረጅሙን ጀምር አልኩት። ያቺ ቦታ ስትደርስ ፒያኖውም ቁልፊትም እኩል ተሰሙ፤ ግን እንደማይገጥም በርና መቃን ሆኑ። የእሷ ትንሽ ዝቅ ያለች ነበረች። ደነገጠች። በሚቀጥለው ቦታ ዓይኗን ጨፍና ሞከረች፤ ያው ነው። ልጅቷ ሦስት ዓመት ሙሉ የያዘቻትን ድምፅ አልለቀቀችም፤ ከሥሯ የሄደው ፒያኖው ነው። ልጆቹ ሳቁ። ክፋት የለበትም፤ ሰው ሲደናቀፍ እንደሚሳቀው ነው። ረጅሙ ግን እጁን ከቁልፎቹ ላይ አነሳ።

«ተሠራ እንዴ?» አለች። መዳፏን ከእንጨቱ ላይ ቀስ ብላ አወረደች። «ደስ ይላል።»

ከዘፈን ቡድኑ ኋለኛ መስመር አቆምኳት፤ በሁለተኛው ቀን ከንፈሯን ብቻ እንደምታንቀሳቅስ አየሁ። መጋረጃ ትሳብ አልኩ፤ ለአንዷ ገመድ የሚጣሉ ሁለት ልጆች እዚያ ነበሩ። ላልኳት ሁሉ መልሷ «እሺ ቲቸር» ነው።

ሐሙስ የአዲሱን መንፈቀ ዓመት ደብዳቤ ይዛ መጣች።

«ቲቸር፣ እዚህ ጋ ‹ታስፈልገናለች› ይላል።»

«አዎ።»

«ለምን?»

አፌ ላይ የመጣልኝ መጋረጃው ብቻ ነበር። ከዚያ እናቷ ወረቀቱን ጮክ ብለው እንደሚያነቡት፣ አንብበው ሲጨርሱም ቀና ብለው እሷን እንደሚያዩዋት ነገረችኝ። ፈረምኩላት። ስትወጣ ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ ቀረ፤ የረሳችው መስሎኝ ነበር። አርብ አልመጣችም።

በሚቀጥለው ሳምንት ደብዳቤውን ይዤ ስፌት ቤቱ ሄድኩ። ስምንት የስፌት መኪና በአንድ ክፍል ውስጥ ይጮኻል። እናትየው መኪናቸውን ሳያቆሙ ሰላም አሉኝ። እትዬ፣ ልጅቷ እንድትመለስ ብዬ ነው የመጣሁት አልኳቸው። የያዙትን ኮሌታ እስከ ጫፉ ሰፍተው ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ።

«ታስፈልገናለች ስትሉኝ ለቀቅኳት። አንድም ቀን ለምን አመሸች ብዬ አላውቅም። አሁን ምን ሆነሽ ነው ብላት ፒያኖው ዳነ አለችኝ።» ሌላ ኮሌታ አነሱ። «የዳነ ሰው አስታማሚ አያስቀምጥም፣ መምህር።»

ቁልፊት ከጎናቸው አዝራር ትተክላለች። ለመዝጊያው ቀን እንኳ ነይ ብዬ ለመንኳት። መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካችና ቀና አለች።

«ቲቸር፣ የሚጎድለኝ ከላይ ነው ከታች?»

«ትንሽ ዝቅ ትያለሽ።»

«ብለማመድ ድምፄ ወደ ላይ ይወጣል?»

ይወጣል አልኳት። እርግጠኛ እንዳልነበርኩ የገባት ይመስለኛል፤ ፈገግ አለች።

«ፒያኖው ደግሞ ለኔ ብሎ መልሶ አይወርድም አይደል?» አለችና መርፌዋን ነቀለች።

የመዝጊያው ቀን አዳራሹ ከሰዓት በኋላ ጢም አለ። እኔ ከወላጆቹ መሃል ተቀመጥኩ። ድራማው ደህና ሄደ፤ ልጆቹ ቃላቸውን አልረሱም፤ መጋረጃው ሳይጣሉበት ተሳበ። በመጨረሻ ረጅሙ የመሰናበቻውን ዘፈን ጀመረ። ያቺ ቦታ ስትደርስ ጣቱን ከፍ አደረገና ቁልፏን ሳይነካ አለፈ። እኔ ያላልኩት፣ በልምምድም ያላየሁት ነው። የዘፈን ቡድኑ ያቺን ያህል ጊዜ ትንፋሹን ያዘ፤ ማንም አልሞላትም። ከፒያኖው ጎን ያለውን የመዳፍ ቦታ ከተቀመጥኩበት አየዋለሁ። ቀጠሉ። እንደገና ያቺው ባዶ ቦታ መጣች። መቁጠር ጀመርኩ።

ከኋላዬ አንድ አባት ወደ ሚስቱ ጠጋ ብሎ፣ ይቺን አንዲት ቁልፍ የሚያስጠግን ሰው ይጥፋ እያለ ሲያጉረመርም ሰማሁት።

«አዲሱ አስተማሪ ውጭ አገር የተማረ ነው ሲሉ አልነበር እንዴ?» አለች ሚስቱ።

አልዞርኩም። አስራ ስድስተኛው ላይ ነበርን፤ ገና ሦስት ይቀር ነበር።