ማንም ያልጻፈበት ወረቀት

«ሌባም ቢሆን እኮ ሬሳ ይከበራል» አለች ዋሲላ።

በሹክሹክታ ነበር ያለችው። ለቅሶ ቤት ግን ጮክ ተብሎ ከሚወራው ይልቅ የሚንሾካሾኩት ነው ጆሮ የሚገባው፤ ሰሚሃ ከመጋረጃው ወዲያ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ሰማቻት። ተነስታ ልትጮህባት አሰበች። ጉልበቱ ከየት ይምጣ? ባሏ ኡበይድ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ድምጿ ሰልሏል፣ ወገቧ አልታዘዝ ብሏል፤ የመጣ ሰው ሁሉ ደግሞ ገና ከመቀመጡ «እንዴት ሆኖ ነው ግን?» ይላታል። ለቅሶ የሚመጣ ሰው መቼም ይህን ሳይጠይቅ ቡናው አይወርድለትም።

«ኧረ ተይ አንቺ፣ ትሰማሻለች» አለች ሌላዋ።

«ትስማ! የኔን አምባር ታዲያ ማን ወሰደው?»

ዋሲላ ክፉ ሰው ሆና አይደለም። ጎረቤት ናት፤ ቤቱ እሳት ስለማይነድበት በመጀመሪያው ቀን ትልቅ ድስት ወጥ ተሸክማ የመጣችው እሷው ናት። ባለፈው ዓመት ጦርነቱ ወደ ሐይቅ ከተማ ሲቃረብ ግን እንደ ሀገሩ ሰው ሁሉ ያላትን ቀብራ ነው የሸሸችው። ያኔ ያልቀበረ የለም። ማሽላውን የቀበረ አለ፤ የልብስ ስፌት መኪናውን ፈትቶ የቀበረ አለ፤ ቴሌቪዥኑን በላስቲክ ጠቅልሎ በረት ውስጥ ያስገባም አለ። ዋሲላ የሠርጓን የብር አምባሮች በወተት ጣሳ አድርጋ አጥሩ ስር ቀበረች። ሰላም ሆኖ ስትመለስ ቆፈረች፣ ጣሳው የለም። አጥሩን ተከትላ ግራ ቀኙን ቆፈረች፣ የለም። ከዚያ ወዲህ አጎንብሶ መሬት ያየ ሰው ሁሉ ሌባዋ ነው።

ኡበይድ ደግሞ አጎንብሶ መሬት ማየት ነበር ሥራው።

የአምባሰል ገበሬዎች ያገኙት ከውጫሌ በላይ ካለ ገደል ስር ወድቆ ነው። እጁ ላይ ስልኩ፣ ወገቡ ላይ ቀጭን ብረት። ብረቷ ለእባብ ነበረች፤ ድንጋይ ከማንሳቱ በፊት ስሩን የሚነካካባት። ይህን የምታውቀው ሰሚሃ ናት። ሌላው ሰው ግን ብረቷን ሲያይ የታየው የተቀበረ ዕቃ መፈለጊያ ነው። የባሱት ደግሞ ስልኩን አንስተው «በጦርነቱ ጊዜስ ቦታ እያመለከተ ለጠላት ይልክ የነበረው እሱ ቢሆን ማን ያውቃል?» አሉ። እስላምም ሆነ ክርስቲያን ሬሳ ጥሎ በማይቀርበት ሀገር፣ ኡበይድን የቀበረው ሰው እፍኝ አይሞላም ነበር። ሰሚሃን ከሞቱ እኩል ያቃጠላት ይኸ ነው።

ነገ ሦስተኛው ቀን ነው። ዱዓው ይደረጋል፣ ሰደቃው ይበላል፣ ድንኳኑ ይፈርሳል፤ ሰዉም የያዘውን ወሬ ይዞ ወደየቤቱ ይበተናል። እስከ ነገ ሌባ ተብሎ የቆየ ለሁልጊዜም ሌባ ተብሎ ይቀራል።

ነገሩ የጀመረው ጦርነት ይመጣል ብሎ ያሰበ ሰው ባልነበረበት ጊዜ ነው፤ ለውጥ መጣ ተብሎ ሰዉ አስፋልት ላይ በሚጨፍርበት ዓመት። ኡበይድ ባጃጅ ይነዳ ነበር። አንድ ቀን ፈረንጅ ጭኖ ወደ ሐይቁ ዳር ወሰደ። ሰውየው ወርዶ ከአንድ ዋርካ ስር ድንጋይ እያነሳ ሲጥል ቢያየው «ምን ጠፋህ ወንድሜ?» ብሎ አብሮት ይፈልግ ጀመር። የጠፋውን ነገር ምንነት ሳያውቅ ከባለቤቱ ቀድሞ አገኘው፤ መዳፍ የምታህል የፕላስቲክ ሳጥን። ፈረንጁ እየሳቀ አስረዳው። እንዲህ ያለ ሳጥን የሚደብቁ ሰዎች በየሀገሩ አሉ፤ የደበቁበትን ቦታ በኢንተርኔት ይለቁታል፤ የፈለገ በስልኩ እየተመራ ይሄዳል። ያገኘ ሰው ውስጧ ባለችው ወረቀት ላይ ስሙን ጽፎ መልሶ እዚያው ይደብቃታል።

«ከዚያስ?» አለችው ሰሚሃ፣ መጥቶ ሲነግራት።

«ከዚያማ በቃ።»

«የሚወሰድ ነገር የለም?»

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን ይደከማል? ጤናም የለህ!»

ከት ብሎ ሳቀ። ከሁሉ ያሳበደው ግን አዲስ የተደበቀ ሳጥን ነበር። ውጫሌ ጂኦግራፊ ከሚያስተምር ኃይለ ኢየሱስ ከሚባል ሰው ጋር በዚያው በስልክ ተዋወቀ፤ መምህሩ መደበቅ ይወዳል፣ ኡበይድ ማግኘት። ከደሴ ደግሞ የሚሽቀዳደሙት ሁለት ወጣቶች አሉ። አዲስ ሳጥን ተቀመጠ የሚለው መልእክት ስልኩ ላይ ጢን ካለ ኡበይድን የሚይዘው የለም። አንዴ አንዲት ሴትዮን ከነዶሮዋ ባጃጁ ውስጥ ጥሏት ሮጠ። ተመልሶ ሲመጣ ሴትዮዋ ስትራገም፣ እሱ እንደ ሙሽራ ፈክቶ፣ ቤቷ ድረስ በነጻ አደረሳት።

«ምኑ ነው እንዲህ የሚያደርግህ?» አለችው ያን ቀን፣ የምሯን ተናዳ።

«እኔ አምስተኛ ልጅ ነኝ ሰሚሃ። የለበስኩት ልብስ በሙሉ አራት ወንድሞቼ የለበሱት ነው። ደብተር እንኳ ሲደርሰኝ የፊት የፊቱ ገጽ ተቀዶ ነው። ያቺን ሳጥን ስከፍታት ወረቀቷ ነጭ ከሆነች ግን፣ ወላሂ፣ ልቤ ቀጥ ነው የሚለው። ማንም አልጻፈባትም። ከሁሉም በላይ ኡበይድ ብዬ እጽፋለሁ። ሁለተኛ ሆኜ ከደረስኩማ ስሜንም ሳልጽፍ ነው የምመለስ።»

ከዚያ በኋላ አልተጨቃጨቀችውም። ምን ልትል?

ጦርነቱ መጣና ባጃጁም ጠፋ፣ ኔትወርኩም ጠፋ። ከስደት ሲመለሱ ኡበይድ ግድግዳ እያየ የሚውል ሰው ሆነ። ስታናግረው «እ?» ይላል፣ ምግብ ስታቀርብ «በልቻለሁ» ይላል። ወራት እንዲህ አለፉ። በበልጉ ዝናብ መሃል አንድ ቀን ስልኩ ጢን አለ። ኃይለ ኢየሱስ ነበር፤ ከጦርነቱ ወዲህ የመጀመሪያውን ሳጥን አስቀምጧል። ኡበይድ ዘሎ ሲነሳ ሰሚሃ ከደስታዋ ብዛት ልታለቅስ ደረሰች፤ ባሌ ተመለሰልኝ አለች።

«ዝናቡ ያባራ እንጂ» አለችው እንዲያው ለአፏ።

«የደሴዎቹ ይቀድሙኛላ!» ብሎ ወጣ። ሌላ ቃል አልሰማችም ከሱ።

ከሰዓት በኋላ የኡበይድ ታላቅ ወንድም አብዱልከሪም በብርጭቆ ሻይ ይዞላት ገባ። ዓይን ዓይኗን አያያትም።

«አያ አብዱልከሪም፣ ሰዉ የሚለውን ሰምተዋል?»

«ሰው መቼ ዝም ይላል? ሶብር አድርጊ።»

«እርስዎስ ምን ይላሉ?»

ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠ። «እኔ ምን አውቄ? ሥራ ፈትቶ ነበር። ሰው ሲቸግረው...»

«ጨርሱታ!»

አልጨረሰውም። ሰሚሃ መጮህ ፈልጋ ነበር፤ የወጣው ግን የደከመ፣ የሻከረ ድምፅ ነው። «እንግዲያው ውጫሌ ይሂዱና መምህሩን ያምጡልኝ። በቀብሩ ቀን ድንኳኑ ጥግ ቆሞ ሲያለቅስ በመጋረጃው ቀዳዳ አይቼዋለሁ፣ ፎቶውን ኡበይድ አሳይቶኝ ነበር፤ ሰው ሳያናግር ወጣ። ሳጥኑን የደበቀው እሱ ነው። መጥቶ ለሰዉ ይንገርልኝ።»

«እሱም ፈርቶ ይሆናል እኮ። ቦታ በስልክ እልክ ነበር ብሎ ዛሬ በሰው ፊት የሚናገር አለ? የልጆች አባት ነው።»

«ይፍራ። እዚህ መጥቶ ይፍራ።»

«ሰሚሃ፣ እረፊ እስቲ።»

«እርስዎ ካልሄዱ እኔው እሄዳለሁ።»

አብዱልከሪም ደነገጠ። ባሏ የሞተባት ሴት የአራት ወር ከአስር ቀን ኢዳዋን ሳትጨርስ ከደጇ አትርቅም፤ ገና ድንኳኑ ሳይፈርስ የውጫሌ ሚኒባስ ላይ ብትታይ ሀገር ጉድ ይላል። ብታደርገው ደግሞ እንደምታደርገው ያውቃል። ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወጣ።

ሦስተኛው ቀን ረፍዶ፣ ሰደቃው ሊቀርብ ሲል፣ አብዱልከሪምና መምህሩ ተያይዘው መጡ። ሁለቱም እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው። ጠዋት ተነስተው ገደሉ አፋፍ ድረስ ወጥተው ነበር። መምህሩ በፌስታል የያዘውን ነገር ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዟል። ሰሚሃ መጋረጃውን በጣቷ ገለጥ አድርጋ ታያለች።

«እግዜር ያጥናችሁ» አለ መምህሩ። «ኃይለ ኢየሱስ እባላለሁ። ኡበይድ የሰው ዕቃ ሊፈልግ አልመጣም። የመጣው እኔ የደበቅኩትን ሊያገኝ ነው። ሳጥኑ የኔ ነው። ቦታውንም በስልክ የላክሁለት እኔ ነኝ። የዚያን ዕለት መናገር ነበረብኝ፤ ፈራሁ።»

አንድ ሽማግሌ «ሳጥኑ ውስጥ ምን አለ?» አሉ።

«ወረቀት።»

«ሌላስ?»

«እርሳስ።»

«ለወረቀት ነው እንዴ ሰው ገደል የሚገባው?» አለ ከኋላ የተቀመጠ ሰው፣ ሳቅ ይሁን ንዴት ባልታወቀ ድምፅ።

አብዱልከሪም ብድግ አለ። «አዎ፣ ለወረቀት ነው! ሳጥኑ ከድንጋዩ ስር ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። አምስት ወንድማማቾች ነን፣ እሱ መጨረሻችን ነው። በዕድሜው በምንም ነገር ቀድሞን አያውቅም። መቅደም አማረው። አሁን በሞት ቀደመን።» ፊቱን በፎጣው ሸፈነ። «እኔ ወንድሙ ራሴ በልቤ ጠርጥሬው ነበር። አውፍ በሉኝ ጀመዓ።»

ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩ። ያን ዕለት የተባለውን «አሚን» ሰሚሃ ዕድሜ ልኳን አትረሳውም፤ የቀብሩ ቀን የቀረው ሰው ሁሉ የመጣ ይመስል ነበር። ስሙ ተመለሰለት። እሱ ግን አልተመለሰም። እስካሁን የያዛት እልሁ ነበር መሰል፣ እልሁ ሲለቃት ድካሙ ሁሉ ባንዴ መጣባት።

ዋሲላ መጋረጃውን አልፋ ገብታ እግሯ ስር ቁጭ አለች። «አውፍ በይኝ ሰሚሃ» አለቻት።

«አምባርሽን አላህ ያግኝልሽ» አለች ሰሚሃ። ከዚያ በላይ ለማለት አልቻለችም፣ አልፈለገችምም።

ሰዉ በልቶ ሲጨርስ አብዱልከሪም መምህሩን ወደ ውስጥ አስገባው። መምህሩ ከደፍ ሳያልፍ ቆመ፤ አብዱልከሪም ሳጥኑን ተቀብሎ ሰጣት። ሳጥኑ ቀላል ነው፣ እጇ ላይ ያለም አይመስል። ከፈተችው። ወረቀቱ ነጭ ነበር፣ አንድ ጭረት የለበትም።

«ጻፊለት» አለ አብዱልከሪም። «የደሴዎቹም ሞቱን ሰምተው ቀሩ። ማንም አልቀደመውም። የሱ ናት።»

እርሳሱን አነሳች። ጫፉን ወረቀቱ ላይ አሳረፈችው። ከዚያ መልሳ ሳጥኑ ውስጥ ከተተችው።

«አልደረሰማ» አለች።

«እንዴ ሰሚሃ! ማን ይከለክልሻል?»

«እሱ። ሳይደርስ ጻፍሽብኝ ብሎ ይጣላኛል።» ክዳኑን በሁለት እጇ ጫን ጫን አድርጋ ዘጋችው። «መልሰው ያስቀምጡት መምህር። ደርሶ ያገኘው ይጻፍበት።»

መምህሩ ሳጥኑን ተቀብሎ ኪሱ ከተተው። ሊወጣ ዞረ።

«መምህር፣» አለችው ሰሚሃ፣ «ስንት ቀርቶት ነበር?»

ኡበይድን ያዳለጠው ቦታ ላይ የጫማው ፈለግ ጭቃው ላይ ቀርቶ ነበር፤ መምህሩ ጠዋት አይቶታል። ሁለት ክንዶቹን ዘርግቶ አሳያት። እስከሚችለው ድረስ ነው የዘረጋቸው።

ሰሚሃ በመዳፎቹ መሃል ያለውን ባዶ ቦታ አየችው።

«ትንሽ ያቅርቧቸው» አለች።

መምህሩ አልገባውም፤ አያት። ከዚያ ቀስ ብሎ አቀረባቸው።

«ደግሞ ትንሽ።»

አቀረባቸው። አብዱልከሪም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ደግሞ።»

እጆቹ ሊነካኩ ደረሱ።

«በቃ፣ እንደሱ» አለች ሰሚሃ። «ይህችን ታህል ነው የቀረችው።»