ከሬዲዮ የቀረ ምርቃት

ሳጂዳ ከሐይቅ ከተማ ወጥታ ደሴ ኮሌጅ ስትገባ፣ በመጀመሪያው ዓመት ከሁሉ ቀድሞ የገባት ትምህርት ማሳጠር ነው። መምህሩ ማስታወሻ አያያዝ ሲያስተምሩ «ፍሬውን ያዙ፣ ገለባውን ተዉ» አሉ። የተነገራትን ሳታላምጥ የምትውጥ ልጅ ናትና ያዘችው።

ስለ መገናኛ ብዙኃን ሲማሩ ደግሞ የአገሩ ሰው በየራሱ አነጋገር ይሰማ ተባለና፣ እያንዳንዱ ተማሪ ከቀዬው የአንድ ባለሙያ ድምፅ በሦስት ደቂቃ ቀድቶ ለኮሌጁ ሬዲዮ እንዲያመጣ ታዘዘ። ሳጂዳ ዓሣ አስጋሪ አባቷን ሙሐዲንን ቀዳች። ሰውየው ስለ መረብ ከማውራቱ በፊት ሰላምታ ጀመረ፤ የወሎ ሰላምታ ደግሞ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ የለውም። ሰላምታው ምርቃት ወለደ። በምርቃቱ መሃል «ውበቱ ወንድሜ፣ አላህ ቤትህን በረካ ያርገው፤ በድዬሃለሁና አውፍ በለኝ» አለ። እሷ የምታየው ሰዓቱን ነበር። ኋላ ሰላምታውንም ምርቃቱንም ቆርጣ ጣለችና የመረቡን ወሬ ብቻ አስቀረች። ጥሩ ውጤት አገኘችበት፤ በኮሌጁ ሬዲዮም ተላለፈ።

ቅዳሜ ወደ ቀዬዋ ስትመለስ አባቷ ሐይቁ ዳር፣ ከአስጋሪዎቹ ፈንጠር ብሎ መረብ ይጠግናል።

«አባየ፣ ሬዲዮውን ሰማኸው?»

«ሰማሁ። ውበቱም ሰምቷል። ስማ ብዬ ሰው ልኬበት ነበር።»

ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገሩን አጫወታት። ከውበቱ ጋር ከልጅነት ጀምሮ በአንድ ታንኳ ያሰገሩ ናቸው። አምና የሙሐዲን መረብ ሲጠፋ፣ ውበቱን በአስጋሪው ሁሉ ፊት «አንተ ነህ የወሰድኸው» አለው፤ መረቡ ግን ሐይቁ ዳር ደንገል ውስጥ ተጠላልፎ ተገኘ። በአደባባይ የሰደቡትን ሰው በጓዳ አውፍ በለኝ ማለት ነውር ሆኖበት፣ አፍሮ ከረመ። ሬዲዮው ሲመጣለት ነው የደፈረው።

ሳጂዳ የቆረጠችውን ድምፅ ከስልኳ አጥፍታዋለች። ቀጥ ብላ ውበቱ ቤት ሄደች።

«ጋሽ ውበቱ፣ አባየ እኮ መርቆዎት ነበር። አውፍ በለኝም ብሎ ነበር። የቆረጥሁት እኔ ነኝ።»



«ስማ ብሎ ልኮብኝ ስለ መረብ ብቻ ሲያወራ፣ ዳግመኛ የሚያሽሟጥጠኝ መስሎኝ ነበር» አለ ውበቱ። «ለምን ቆረጥሽው?»

«ገለባ መስሎኝ።»

ኩታውን አጣፋና «በይ ነይ» አላት።

ሐይቁ ዳር ሲደርሱ አስጋሪዎቹ ሥራቸውን አቁመው ተመለከቱ። ሙሐዲን ተነሣ። ሁለት እጁን ለዱዓ ዘረጋ፤ አፉ ግን አልታዘዝ አለው፤ እንባ ቀደመው።

ውበቱ ፊቱ ቆሞ እጆቹን ዘረጋና፣ ገና ምንም ሳይባል፣ «አሜን» አለ።