ያልጨመረች፣ ያልቀነሰች

፩

«ስድስት ኪሎ ተኩል» አለችኝ በስልክ። «ባለፈው ወርም ስድስት ኪሎ ተኩል። ከዚያ በፊት በነበረውም።»

የደወለችው ሲስተር አስካለ ናት፤ የአንድ ገጠር ጤና ጣቢያ ነርስ። የምታወራልኝ ሕፃን ማስተዋል ትባላለች፤ አስር ወሯ ነው። እኔ ሶስና ነኝ፤ የሕፃናትን ክብደት የሚከታተለውን ፕሮግራም የጻፍኩት።

፪

ፕሮግራሙ የሚሠራው እንዲህ ነው፦ የዚህን ወር ክብደት ካለፈው ወር ጋር ያስተያያል። ልዩነቱ ሃምሳ ግራም ይሁን አንድ ኪሎ ግድ የለውም። ከጨመረ ፖዘቲቭ አንድ፣ አረንጓዴ። ከቀነሰ ኔጋቲቭ አንድ፣ ቀይ። አልሚ ምግብ የሚሰጠው ቀይ ለወጣለት ልጅ ብቻ ነው።

ልዩነቱ ዜሮ ሲሆንስ?

፫

(ይህን ክፍል ሦስት ጊዜ ጽፌ አጥፍቼዋለሁ።)

ዜሮ ፖዘቲቭም ኔጋቲቭም አይደለም። ሦስተኛ መልስ መጨመር ነበረብኝ።

ሰነፍኩ።

«ካልቀነሰ ደህና ነው» ብዬ ዜሮን ከፖዘቲቭ አንድ ጋር መደብኩት። ምሳ ወጣሁ።

፬

ሲስተር አስካለ፦ በዚህ ዕድሜ ልጅ ካልጨመረ እኮ ችግር አለ ማለት ነው፣ የኔ እህት።

እኔ፦ አልቀነሰችማ።

ሲስተር አስካለ፦ አረንጓዴ እያለ ምግቡን አይለቁልኝም።

እኔ፦ ሲስተር፣ ከኮምፒውተር ጋር አይከራከሩ።

እንዲህ ብያለሁ። ቃል በቃል።

፭

በሚቀጥለው ወር ማስተዋል ሆስፒታል ገባች። አስራ ዘጠኝ ቀን ተኛች።

ተረፈች።

፮

ስብሰባ ተጠራ። «ነርሷ በጊዜ አላሳወቀችም» ተባለ። የውሃ ጠርሙሴን ክዳን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። አፌን ግን አልከፈትኩም።

ከሰዓት በኋላ ኮዱን አስተካከልኩ፤ ዜሮም ቀይ ሆነ። ማስታወሻው ላይ «ጥቃቅን እርማት» ብዬ ጻፍኩ። ለሲስተር አስካለ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት።

፯

ደወለች።

«አስተካከልሽልን አይደል? እግዜር ይስጥልኝ።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ለኃላፊው ሁሉንም ተናገርኩ። ደብዳቤው ተነሳላት። በዚህ ያለቀ መስሎኝ፣ ይቅርታ ልጠይቃት ጤና ጣቢያው ድረስ ሄድኩ።

፰

የክትባት ቀን ነበር። ሲስተር አስካለ እጇን እየታጠበች ሰማችኝ።

«እኔስ እሺ» አለች። አግዳሚው ላይ ሕፃን ታቅፋ ወደተቀመጠች ወጣት ሴት በአገጯ ጠቆመችኝ። «የማስተዋል እናት ያቻትልሽ።»

ቀረብኩ። ሴትየዋ ፈገግ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። ልጅቷ ጣቴን ያዘች።

«አረፍ ይበሉ» አለችኝ እናቷ። «ሐኪም ነዎት?»

፱

(ይህን ክፍል ስንት ጊዜ ጽፌ እንዳጠፋሁት አላውቅም።)