የምትለካበት እጅ

የመጨበጥ ኃይል መለኪያው ለጥገና ከሄደ ወዲህ፣ ፊዚዮቴራፒስቷ የበሽተኞቿን ጉልበት የምትለካው በገዛ እጇ ነበር። በሽተኛው መዳፉን ዘርግቶ አውራ ጣቱን ወደ ላይ ያቆማል፤ እሷ በቀኝ አውራ ጣቷ ወደ ታች ትጫነዋለች። ነርቩ የእጅ አንጓው ላይ የተጨመቀበት ሰው ወዲያው ይሸነፋል። ሰሞኑን ግን የሚሸነፍ ጠፋ። ባልደረቦቿ «እጅሽ መድኃኒት ነው» እያሉ አሞገሷት፤ እሷ ግን ምስጋናውን የሰማችው እንደ ሩቅ አገር ዜና ነበር።

መለኪያው ተጠግኖ በመጣበት ጠዋት፣ ሽማግሌው ልብስ ሰፊ ቀኝ እጃቸውን እንደ አደራ ዕቃ ታቅፈው ሳይጠሩ ገቡ።

«አባባ፣ እርስዎ እኮ ድነዋል። የቀዶ ጥገና ተራዎንም ለሌላ ሰጥተነዋል።»

«ድነዋል ስትዪኝ እኔስ አምኜ ነበር፣ ልጄ። አላምንም ያለው መቀሱ ነው። ትናንት ከእጄ አምልጦ የሰው ቀሚስ ቀደደብኝ። እጄ ካልተመለሰ ሱቁን መዝጋቴ ነው።»

አውራ ጣታቸውን ተጫነችው፤ ንቅንቅ አላለም። መለኪያውን ስታስጨብጣቸው ግን መርፌው ተነሣሁ አልተነሣሁ ብሎ ተኛ። በአውራ ጣታቸው ሥር ያለው ሥጋ ሟሽሾ ጎድጉዷል። ይህንን ከዚህ በፊትም አይታው ነበር፤ ዓይኗን ትታ እጇን አመነች እንጂ።

መሣሪያውን ተጠራጥራ በራሷ ሞከረችው። በግራዋ ስትጨብጠው መርፌው ዘለለ። በቀኟ ስትጨብጠው ከሽማግሌው ትንሽ ከፍ ብሎ ቆመ። እጇ ሲደነዝዝ እያራገፈች፣ ድካም ነው እያለች የከረመችው ትዝ አላት። ድንጋጤው እስኪመጣ ጠበቀች፤ አልመጣም።

«እህስ ልጄ፣ ማን አሸነፈ?»

«ማንም፣ አባባ። ሁለት ደካሞች ተጋፍተን አቻ ወጣን።»

«እና እኔን ያዳነኝ ያንቺ መታመም ነው?»

«እሱው ነው።»

«ጥሩ ሕክምና ነበር፤ መቀሱ ባያሳብቅብን» አሉ ሽማግሌው።

በግራ እጇ ስልኩን አነሣች። «ዶክተር፣ ልብስ ሰፊው አልዳኑም፤ ተራቸውን ይመልሱላቸው። ድነዋል ያልኳቸውንም ሁሉ ይጥሯቸው፤ የለካኋቸው በታመመ እጅ ነው።»

ሐኪሙ ጠየቃት፦ «ታዲያ አሁን ማን ይለካቸዋል?»

«ሌላ ሰው። እኔንም ጭምር ይለካኛል።»

ስልኩን ዘጋችና ወደ በሽተኞች አግዳሚ ወንበር ሄደች።

«ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ፣ አባባ።»

ሽማግሌው ጠጋ አሉላት። «ተቀመጪ፣ ልጄ። ወረፋው ላይ ግን እኔ እቀድማለሁ።»