ኤዬ ያልኩበት ገጽ

እኔ ተናኜ ቁጡ ነኝ፤ ነቀምት ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ነው፣ አልክድም። ግን መጽሐፍ ያናድደኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። መቼ አንብቤ! ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ በሠላሳ አራት ዓመቴ፣ የቀበሌው አዳራሽ አግዳሚ ላይ ከሽማግሌዎች ጋር ተኮልኩዬ።

መጽሐፉን ያመጣችው ድርቤ ናት። ድርቤ የባለቤቴ የኩማ ልጅ ናት። እናቷ ስትሞት የአራት ዓመት ልጅ ነበረች፤ እኔ ከጊዳ አያና ተድሬ መጥቼ አሳደግኳት። አዳዳ ትለኛለች፤ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው። እናቴ በይኝ ብያት አላውቅም፣ እሷም ብላኝ አታውቅም፣ እንዲሁ ተስማምተን ኖርን። አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው። የየቀበሌው ወጣቶች በንባብ ሊወዳደሩ ነው፣ ያሸነፈ ነቀምትን ወክሎ ጊምቢ ሄዶ ያነባል ተባለና፣ ከቀበሌው ንባብ ቤት አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ተውሳ መጣች።

ተረቱን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። እንጀራ እናት የባሏን ልጅ ጥቁር ሱፍ ታስይዛትና «ነጭ እስኪሆን አጥበሽ ተመለሽ» ብላ ወንዝ ትሰዳታለች፤ በመጨረሻ ልጅቷን የንጉሥ ልጅ ያገባታል። ይሄኛው ግን ለዘመኑ ወጣቶች እንደ አዲስ የተጻፈ ነው። ንጉሥም ቀርቷል፣ የንጉሥ ልጅ ማግባትም ቀርቷል፤ ልጅቷ ትራክተር ነጂ ነው የምትሆነው። ሱፉም ቀርቶ፣ እንጀራ እናቷ የስምንተኛ ክፍል መፈተኛ ካርዷን ትደብቅባታለች። ሁሉ ነገር ሲለወጥ እንጀራ እናት ብቻ ክፉ እንደሆነች ቀረች። አብዮቱ እኛ ጋ አልደረሰም ማለት ነው።

በእኛ አገር ተረት የሚያወራ ሰው ተቀባይ ይፈልጋል። እሱ አንድ ነገር ባለ ቁጥር ተቀባዩ «ኤዬ» ይላል፣ ሰምቻለሁ ቀጥል ማለት ነው። ተቀባይ ያጣ ተረት አይሄድም። ድርቤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጓሮ ቁጭ ብላ ጮክ ብላ ታነባለች፤ እኔ ባቄላ እየለቀምኩ ኤዬ እላለሁ። እንጀራ እናትየዋ ጋ ስትደርስ ግን አፌን እዘጋለሁ። ምን ቆርጦኝ ነው ለራሴ ስድብ ኤዬ የምለው?

እሷ ትምህርት ቤት ስትውል መጽሐፉን እያወጣሁ ብቻዬን አነበብኩት። በጣቴ እየተከተልኩ፣ ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ። በሕይወቴ ከዳር እስከ ዳር የጨረስኩት የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው። ከእያንዳንዱ ገጽ ጋር ተጣልቻለሁ። ውሃ አስቀዳቻት ይላል፤ ታዲያ ማን ይቅዳ? አንድ ቦታ ላይ ግን መጣላት አቃተኝ። እንጀራ እናትየዋ «አንቺ ተምረሽ ምን ልትሆኚ ነው፣ ማጀቱን ማን ሊሠራው?» ትላለች። አምና ታይፎይድ ጥሎኝ ድርቤን አንድ ወር ሙሉ ከትምህርት ሳስቀራት ያልኳት ይህንኑ ነው። ትኩሳት ነው ያናገረኝ ብል ማን ይሰማኛል? ጎረቤት ሁሉ በአጥር ሰምቷል።

ሌላ መጽሐፍ ምረጪ ልላት አሥር ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ብላት ልክ እንደ መጽሐፏ ሴትዮ መሆኔ አይደል?

የውድድሩ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሦስቱ ዳኞች ከፊት ተቀምጠዋል፤ መካከለኛው የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ጨመዳ ነው። ድርቤ ወጣች። ድምፅዋ እንደ ውሃ ኩልል ይላል፣ ደስ አለኝ። ሕዝቡ ግን ስብሰባ የመጣ መስሎት ጸጥ ብሏል፤ መፈክር ካልሆነ እዚያ ቤት መልስ መስጠት ማን ለምዶ? ከዚያ ያ ገጽ መጣ። «አንቺ ተምረሽ ምን ልትሆኚ ነው፣ ማጀቱን ማን ሊሠራው?» ብላ አነበበች።

ጎረቤቴ ወርቂቱ ሹክሹክታ አታውቅበትም። «ይቺማ ተናኜ ናት» አለች። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፣ አንገት ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

ድርቤ ቀጥ አለች። ዓይኗ እኔ ላይ ቀረ፣ ንባቡ ቆመ። ጓድ ጨመዳ ሰዓቱን አየ። ወርቂቱን በነጠላዋ ይዤ ላወጣት ነበር። ግን እኔ ስጣላ ልጄ እዚያው ቆማ ልትቀር ነው። ተነስቼ ብወጣም ያው ነው።

ብድግ አልኩና «ኤዬ» አልኩ።

«ኤዬ፣ ብላታለች» አልኩ፣ እንዲሰማ አድርጌ። «ከዚያስ? ልጅቷ ምን አደረገች?»

ከኋላ አባ ዋቅወያ የሚባሉት ሽማግሌ፣ መሠረተ ትምህርት አብረውኝ የተቀመጡት፣ «ኤዬ» አሉ። ቀጥሎ ሴቶቹ። ድርቤ ትንፋሿን ሳበችና አነበበች፤ በየዓረፍተ ነገሩ ቤቱ ሁሉ «ኤዬ» ይላል፣ ልጅቷ ካርዷን አገኘች «ኤዬ»፣ ትራክተሩ ላይ ወጣች «ኤዬ»። ወርቂቱ ሳትቀር አለች። ጓድ ጨመዳም በመጨረሻ «ኤዬ» ሲል ሰማሁት። ልጄ አንደኛ ወጣች። ቁመቴ ጣራ የነካ መሰለኝ።

ወደ ቤት መንገድ ጀመርን። ገበያውን ስናልፍ አንገቷን ቀና አድርጋ፣

«አዳዳ፣ የቆምኩት ፈርቼ እንዳይመስልሽ» አለችኝ። «ገጹ ተጣብቆብኝ ነው።»

ያንን መጽሐፍ ዘጠኝ ቀን ገልጬዋለሁ። አንድም የተጣበቀ ገጽ የለውም።

«ልክ ነሽ፣ ወረቀቱ ክፉ ነው» አልኳት።

እናቷ፣ ነፍስ ይማር፣ ዝምተኛና ትሑት ነበረች ይላሉ። ኩማም ቢሆን አንገቱን የደፋ ሰው ነው። እንግዲህ ይህ ኩራት ከማን እንደመጣ ነቀምት ይፍረድ።