ወፍራሙ ቢላዋ እና የእትዬ ዓይሻ ዘንቢል

ልዑል ቢላዋውን ከቤት ይዞ የወጣው ሚስቱ ሳታየው ነው። ንግሥት ብታየው ኖሮ በር ላይ ቆማ፣ «ዛሬም ይሄን ማረሻ ታጥቀህ ልትወጣ ነው?» ማለቷ አይቀርም፤ ጎረቤትም ይሰማል። እሱ ደግሞ ጎረቤት የሰማበትን ነገር ዓመት ቢያልፈው የማይረሳ ሰው ነው።

ቢላዋውን የሸጠለት አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ጀውሃ ላይ፣ ምሳ ቤት ውስጥ። ርዝመቱ ከክንድ ያንሳል፤ ጀርባው ግን የትንሽ ጣት ያህል ይወፍራል። ጥቁር ነው። ጀርባው ላይ የመጋዝ ጥርስ አለው፣ እጀታው ደግሞ ላስቲክ ነው። ሾፌሩ ጠረጴዛው ላይ ጧ አድርጎ አስቀምጦት፣ «ይሄ ጫካ ለሚያድር ሰው የተሠራ ነው» አለው። «እንጨት ይፈልጣል፣ መሬት ይቆፍራል፣ ቆርቆሮ ይቀድዳል፣ አውሬ ይመልሳል። ይሄ ያለው ሰው ማንንም አይለምንም።» ልዑልን የያዘችው ያቺ የመጨረሻዋ ቃል ነበረች። ዕድሜ ልኩን ሲለምን የኖረን ሰው ነው የምትይዘው፤ ሌላው ሰምቶ ይስቅባታል።

ቤት ሲገባ ንግሥት ሽንኩርት ልትከትፍበት ሞከረች። ሽንኩርቱ ተፈንክቶ ግማሹ አልጋ ሥር ገባ። ልዑል ብርቱካን ሲልጥበት ብርቱካኑ እጁ ላይ ጭማቂ ሆነ። አንድ ቀን ጀርባውን በድንጋይ እየመታ የግራር ግንድ ፈልጦበታል፤ እሱንም ቢሆን ጎረቤቱ አጥሩ ላይ ተደግፎ እየተመለከተ፣ «ፋሴን ላውስህ?» ብሎት ደስታውን አበላሸበት። ያም ሆኖ ማታ ማታ ትራሱ ሥር ያደርገዋል። እንቅልፍ ይሰጠኛል ብሎ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው፤ ቢላዋው ትራሱ ሥር ከገባ ወዲህ ውሻ በጮኸ ቁጥር ይነሳል፣ በሩን ይነካካል፣ ተመልሶ እጀታውን ይዳብሳል። ቢላዋ ሳይኖረው ያልፈራውን ሁሉ አሁን ይፈራል።

የዛሬው ፍርሃት ግን ምክንያት ነበረው። አጣዬ ላይ ሽማግሌ ተቀምጦለታል።

አጣዬ ያለው የአባቱ ግቢ ነው። ቤቱ በ2013 ከተማው ሲቃጠል አብሮ ተቃጥሏል፤ የቀረው የድንጋይ መሠረቱና የማንጎ ዛፎቹ ናቸው። አባቱ በሕይወት እያሉ ግቢውን ለሁለት ከፍለው፣ የማንጎውን ወገን ለልዑል፣ የመንገዱን ወገን ደግሞ ለአሰፋ ሰጥተዋል። አሰፋ በአባት ወንድሙ ነው። አሰፋ ኮሌጅ የገባው ልዑል ከስድስተኛ ክፍል ወጥቶ እርፍ ስለጨበጠለት ነው፤ ይሄን ግን አሰፋም ሌላም ሰው ተናግሮት አያውቅም። እንዲያውም በአባታቸው ተዝካር ላይ ከአዲስ አበባ ለመጡ ጓደኞቹ ልዑልን ሲያስተዋውቅ፣ «ይሄ ደግሞ ከብቶቹን የሚያይልን ነው» አለ። ቀልድ ነው ተባለ። ሰው ሳቀ። ልዑል የሳቁትን ሰዎች እስከ ዛሬ በየስማቸው ያውቃቸዋል።

አሁን አሰፋ አጥር አጥሯል፤ አጥሩም ማንጎዎቹን አልፎ ሄዷል። «ወረቀት አለህ?» አለው በስልክ። ወረቀት የለውም። ያሉት እትዬ ዓይሻ ብቻ ናቸው። እትዬ ዓይሻ የግቢያቸው ጎረቤት ነበሩ፤ ከቃጠሎው ወዲህ ሸዋ ሮቢት ከልጃቸው ከኑርሃን ጋር ይኖራሉ። አባቱ ገመድ ዘርግተው ግቢውን ሲከፍሉ ካዩት ሰዎች በሕይወት ያሉት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ጠዋት ሊወስዳቸው ሲሄድ በሩ ላይ ጠበቁት፤ ቴምርና ሳምቡሳ የያዘ ዘንቢል አንጠልጥለዋል። ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ ገጥመዋል፤ አገሩ ሁሉ ጾመኛ ነው።

«ከመሄዳችን በፊት ልንገርህ» አሉት። «ለአንተ ብዬ አይደለም የምሄደው። አባትህ ገመዱን ሲዘረጉ ጫፉን የያዝኩት እኔ ነኝ። ያየሁትን ነው የምናገር። ለአንተ ከሆነ ለአንተ፣ ለአሰፋ ከሆነ ለአሰፋ። ጾመኛ ነኝ፣ ሰማኸኝ?»

«ሰምቻለሁ፣ እትዬ ዓይሻ። እኔስ ሌላ ምን ጠየቅኩዎ?» አላቸው፤ በልቡ ግን ሌላ ይጠይቃል። ለአሰፋ ከሆነስ?

ሚኒባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ዘንቢሉን በሁለቱ እግር መሃል አደረጉት። ቢላዋው ከጋቢው ሥር ቀበቶውን ወደ ታች ይጎትተዋል። መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር አፎቱ ጭኑን ይወጋዋል። ሽማግሌ ፊት ስለት ይዞ መቅረብ ነውር እንደሆነ አጥቶት አይደለም፤ ይሄን የማያውቅ የይፋት ልጅ የለም። ደጅ ሳልደርስ የሆነ ቦታ አስቀምጠዋለሁ ብሎ ራሱን አሞኝቷል። የአሰፋ ልጆች ዱላ ይዘው ቢቆሙስ? መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢመጣስ? ባዶ እጅ መሄድ አቃተው።

ሸዋ ሮቢትን እንደ ለቀቁ ሾፌሩ አንገቱን አዙሮ ጮኸ። «ስሙ! ዛሬ ኬላው ላይ ፍተሻ ጠብቋል አሉ። ትናንት አንድ ሰው በጩቤ ተይዞ መኪናው እስከ ማታ ቆሟል። ስለት ያለው ካለ ከአሁኑ ይውረድልኝ፣ እንጀራዬን እንዳትዘጉብኝ!»

«እኔ ያለኝ የሚስቴ ምላስ ነው» አለ ከኋላ አንዱ። «እሱን ደግሞ ቤት ትቼው መጥቻለሁ።»

«ታድለህ! የኔ በስልክ ይከተለኛል» አለ ሌላው። መኪናው ሙሉ ሳቀ። እትዬ ዓይሻ እንኳ ፈገግ አሉ። ልዑልን ብቻ ላብ አጠመቀው።

ልውረድ? ቢወርድ ለእሳቸው ምን ይላል? ሌላ መኪና እስኪገኝ ሽማግሌው ይበተናል። አሰፋም፣ «አላልኳችሁም? ጉዳይ ያለው ሰው ይቀራል?» ይላል። በመስኮት እንዳይወረውረው አጠገቡ ሰው ሞልቷል። ዐይኑ ዘንቢሉ ላይ አረፈ። አሮጊት ናቸው፤ ጾመኛ ናቸው፤ ማን ይፈትሻቸዋል? እትዬ ዓይሻ ወደ መስኮቱ ዞረው መቁጠሪያቸውን ሲቆጥሩ ጎንበስ አለ። ጫማውን የሚያስር መስሎ ቢላዋውን ከወገቡ ሳበና ከቴምሩ ከረጢት ሥር ሸጎጠው። ቀና ሲል ወገቡ ቀለለው፤ ልቡ ግን ይባስ ከበደው።

ኬላው ላይ ገመድ ተወጥሯል። ሁሉም ወረደ፤ ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላ ወገን ቆሙ። ልዑልን መስፍን የሚባል ወጣት ፈታሽ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ዳብሶ፣ «እለፍ ጋሼ» አለው። አለፈ። ሊተነፍስ ሲል ከሴቶቹ ወገን ድምፅ ሰማ።

«እናቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ሰላማዊት የተባለችው ፈታሽ ቢላዋውን ከነአፎቱ ከፍ አድርጋ ይዛዋለች። የቴምሩ ከረጢት ተቀዶ ጥቂት ፍሬ መሬት ላይ ፈሷል። እትዬ ዓይሻ መጀመሪያ ቴምሩን አዩ፤ ከዚያ ቢላዋውን። ከዚያ አንገታቸውን ቀስ አድርገው አዙረው ልዑልን አዩት። ብዙ አላዩትም።

«የኔ አይደለም» አሉ።

«ዘንቢሉስ?»

«ዘንቢሉ የኔ ነው። ቢላዋው የኔ አይደለም። የማን እንደሆነ አላህ ያውቃል፣ ባለቤቱም ያውቃል።»

«ባለቤቱ እስኪናገር መኪናው አይንቀሳቀስም» አለ የፈታሾቹ ኃላፊ ከጥላው ሥር ተነስቶ። «እናቴ፣ እርስዎም እዚህ ይቀመጣሉ።»

ሾፌሩ ጭንቅላቱን ያዘ። «ኧረ የሰው ያለህ! የማነው? ወንድ ከሆነ ይናገር!»

ፀሐዩ አናት ይበሳል። ልዑል ዝም ቢል እሳቸው ይቀራሉ፤ እሳቸው ከቀሩ ምስክር የለም፤ ምስክር ከሌለ ማንጎው የአሰፋ ነው። ቢናገር ደግሞ ራሱ ይቀራል። እሳቸውስ፣ ዘንቢላቸው ውስጥ ስለት የደበቀባቸውን ሰው ሊመሰክሩለት ይሄዳሉ? መሬት ላይ የፈሰሰውን ቴምር አንዲት ሴትዮ ጎንበስ ብላ ስትለቅም አየ። እትዬ ዓይሻ ግን ቆመዋል፤ የሚቀመጡበትን ድንጋይ እንኳ አልፈለጉም።

«የኔ ነው» አለ። ድምፁ የራሱ አልመሰለውም። «እሳቸው አያውቁም። እኔ ነኝ ያስገባሁት።»

«ለምን ያዝከው?» አለ ኃላፊው።

እዚህ ላይ እውነቱን ቢናገር ይሻለው ነበር። ምላሱ ግን ቀደመው። «ለ… ለሰርግ። አጣዬ ሰርግ አለብን። ማረጃ ነው።»

ሰላማዊት፣ «በሁዳዴ?» አለች።

«ሰርግ?» አለ መስፍን። «ማተብህ አይደል አንገትህ ላይ ያለው? በዐቢይ ጾም ማን ያገባል፣ ጋሼ? ማንስ ያርዳል?»

መኪናው የቆመበት ሰው ሁሉ ንዴቱን ትቶ ሳቀ። ያ የሚስቱን ምላስ ቤት ትቶ የመጣው ሰውዬ፣ «ምናልባት ሽሮ ሊያርዱ ይሆናል!» አለ። ልዑል ፊቱ ቀላ። ሳቁን ያውቀዋል፤ የተዝካሩ ሳቅ ነው። ግን አሁን የሚቀየምበት ጊዜ አልነበረውም። እትዬ ዓይሻ ዘንቢላቸውን አንስተው ወደ መኪናው እየሄዱ ነው።

«እትዬ ዓይሻ» አለ፣ ሊከተላቸው ሲል መስፍን ክንዱን ይዞት። «ይሄዳሉ? አጣዬ ይሄዳሉ?»

ዞረው ሳያዩት ገቡ። ገመዱ ተፈታ፤ ሚኒባሱ አቧራውን አልብሶት ሄደ።

ልዑልን ከግራር ጥላ ሥር አስቀመጡት። ለኃላፊው አሁን እውነቱን ነገረው፤ ስለ ሽማግሌው፣ ስለ ማንጎው፣ ስለ ወንድሙ። ሰውዬው ሰማውና፣ «እናጣራለን» ብሎ ሄደ። መስፍን ቢላዋውን ከአፎቱ አውጥቶ አገላበጠው፤ አውራ ጣቱን በስለቱ ላይ አስኬደው።

«ጋሼ፣ ግን የምር ይሄ ለምን ይሆናል?»

«ጫካ ለሚያድር ሰው ነው። እንጨት ይፈልጣል፣ መሬት ይቆፍራል…»

«ጫካ ታድራለህ?»

«አላድርም።»

መስፍን አንድ ሸንኮራ ሊልጥበት ሞከረ፤ ሸንኮራው ተሰነጠቀ እንጂ አልተላጠም። የወደቀ የግራር ቅርንጫፍ ላይ አሳረፈው፤ እሱን በሁለት ምት ቆረጠው። «እንጨት ላይስ ጎበዝ ነው» አለ። «ግን ገጀራ ረዥም ነው፣ ፋስ ከባድ ነው፣ የቤት ቢላዋ ስል ነው። ይሄ ሁሉንም ልሁን ብሎ አንዱንም ያልሆነ ነው። ሰው ደግሞ ሲያየው ይፈራል። እኛም ያሰርንህ ለዚሁ ነው።»

የልዑል ዐይን ስልኩ ላይ ነው። አሁን ደርሰዋል። አሁን ተቀምጠዋል። አሁን አሰፋ ንግግር ያሳምራል፤ እሱ ንግግር ያውቃል። እሳቸው ምን አሉ? ደርሰው ይሆን? ወይስ ዘመዶቻቸው ቤት ገብተው ተኝተዋል? ቢተኙስ ማን ይፈርድባቸዋል?

ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። የደዋዩ ስም «አሰፋ» ይላል። ባያነሳው ወደደ። አነሳው።

«ዓይሻ ነኝ» አለ ድምፁ። «አሰፋ ስልኩን አውሶኝ ነው።»

«እትዬ ዓይሻ…»

«ዝም ብለህ ስማ። ገመዱ ያለፈበትን አሳየኋቸው። ማንጎዎቹ በአንተ ወገን ናቸው፤ አሰፋም ሽማግሌ ፊት ሐሰት ነው ማለት አልቻለም።» ልዑል ዐይኑን ጨፈነ። «ግን የት ቀረ አሉኝ። ኬላ ላይ ተያዘ አልኩ። በምን ተያዘ አሉኝ። እኔ ምን ልበል? በስለት አልኳቸው።»

«እና?»

«እናማ ሽማግሌዎቹ ተቆጡ። ወንድሙን ሊታረቅ ስለት ታጥቆ የሚመጣ ሰው አሉ። ዛሬ ሳይመሽ ድንጋይ ተሸክሞ፣ የአሰፋን እግር ስሞ ይቅርታ ይጠይቅ፤ ይሄን ካላደረገ የዛሬው ፍርድ አይጸናም አሉ። እዚሁ እንጠብቀዋለን ብለው ተቀምጠዋል።»

የአሰፋን እግር። ይቅርታ የሚጠየቀው ልዑል ነበር እኮ! ለዚያ ሁሉ ዓመት፣ ለዚያ ሁሉ ሳቅ፣ አንድ ቀን አሰፋ ደጄ መጥቶ ያጎነብሳል እያለ ነበር የኖረው። ከስልኩ ውስጥ የሰዎች ድምፅ ይሰማዋል፤ አንዱ የአሰፋ ነው።

«እትዬ ዓይሻ» አለ በመጨረሻ። «እርስዎ ይቅር ይበሉኝ። ዘንቢልዎን…»

«ስትመጣ» አሉት። «ይቅርታ በስልክ አልቀበልም።» ስልኩ ተዘጋ።

ኃላፊው ሽማግሌዎቹን ራሱ ደውሎ አነጋገረ፤ ከዚያ፣ «ሂድ። ቢላዋው እዚህ ይቀራል፤ ሁለተኛ እንዳናይህ» አለው። ልዑል ቢላዋውን ዞሮ አላየውም። ሌላ ቀን ቢሆን በዚህ ይናደድ ነበር፤ ዛሬ ግን ጊዜ አልነበረውም። ፀሐዩ አዘቅዝቋል፤ የሚመጣው መኪና ሁሉ ሞልቶ ያልፋል። በመጨረሻ የሽንኩርት ጭነት ላይ ተንጠላጥሎ አጣዬ ገባ።

ከግቢው ሳይደርስ ከመንገዱ ዳር ቆመ። ከአጥሩ ወዲያ፣ በተቃጠለው ቤት መሠረት ላይ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢ ይታየዋል፤ አሰፋም እጁን አጣምሮ ቆሟል። ልዑል ጎንበስ ብሎ አንድ ድንጋይ አነሳ። በአንድ እጅ የምትያዝ ነበረች። እትዬ ዓይሻ ከማንጎው ሥር ሆነው ወደ እሱ እያዩ እንደሆነ ሲያውቅ ቀስ ብሎ መልሶ አስቀመጣት፤ ፈልጎም ከበድ ያለውን አገኘ። ትከሻው ላይ አወጣው። ከዚያ ወደ አጥሩ መሄድ ጀመረ።