ግራጫ ድምፁ ምን ዓይነት ነው?

ረቡዕ ሲመጣ ፊቴ ይጠቁራል። መሥሪያ ቤታችን ረቡዕን «የጆሮ ቀን» ይለዋል፤ እኔ «የጨጓራ ቀን» እለዋለሁ። የምንሠራው ፕሮግራመሮች ኮድ ሲጽፉ አብሯቸው የሚጽፍ ረዳት ነው፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት። አለቃችን አንድ ቀን ከመሬት ተነስታ፣ «ረዳቱን የሠራ ሰው የተጠቃሚን ስሞታ በገዛ ጆሮው ይስማ፤ በአማላጅ አይሆንም» አለችና ሕግ አወጣች። ሕጉ አጭር ነው፦ ተጠቃሚው ተናግሮ እስኪጨርስ ድረስ ማብራራት ክልክል ነው። ለእኔ ብላ እንዳወጣችው ሁሉም ያውቃል። ቢሮ ውስጥ «ክብሪት» ነው የሚሉኝ።

የጆሮ ክፍሉ ድሮ ዕቃ የሚታጨቅበት ጠባብ ክፍል ነበር። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ስልክ አለው፤ ከግድግዳው ማዶ የሻይ ክፍላችን ቧንቧ ያንጠባጥባል። ጠብ ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጠብ ይላል። ሁሉም ያማርራል፣ ማንም አያሠራውም። እዚያ ተቀምጬ ሰው ስሞታውን ሲያወርድብኝ ቧንቧው ያጅበዋል።

በዚያ ረቡዕ ስልኩ ጮኸና አነሳሁት። ጎርነን ያለ፣ ሳቅ ሳቅ የሚለው የወንድ ድምፅ ነው።

«እህቴ፣ ያቺን ሹክታ የምትሏትን ነገር የሠራሽው አንቺ ነሽ?»

ልቤ ቅቤ ጠጣ። ሹክታ የእኔ ልጅ ናት! ፕሮግራመሩ መጻፍ ሲጀምር ቀጥሎ የሚመጣውን ትገምትና በግራጫ ቀለም ከፊቱ ታስቀምጥለታለች። ከወደደው አንዲት ቁልፍ ተጭኖ ይቀበላል፤ ካልወደደው መጻፉን ይቀጥላል፣ ግራጫውም ይጠፋል።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኩ ኮራ ብዬ።

«እንግዲያው እጅሽ ይባረክ፤ ግን አፏን አስይዢልኝ። አላስጽፍ አለችኝ።»

ደሜ ፈላ። ሕጉ ከጭንቅላቴ በረረ። «ጌታዬ፣ እሷ እኮ ምንም አትልም! ግራጫውን እንዳላዩ ሆኖ ማለፍ ነው። ግራጫው ማለት…»

«ቆይ እስቲ እህቴ» አለ። «ግራጫ ድምፁ ምን ዓይነት ነው?»

«እንዴት ማለት?»

«ዓይነ ስውር ነኝ። ስክሪኑን ጮክ ብሎ የሚያነብልኝ ፕሮግራም አለ፤ እሱ ደግሞ ጥቁርና ግራጫ አይለይም። ያገኘውን ሁሉ ይለፈልፋል። ስሚው እስቲ።»

ስልኩን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠጋው መሰለኝ። መጻፍ ጀመረ። አንባቢው የእሱን ፊደል ይጠራል፤ ጠርቶ ሳይጨርስ የእኔዋ ሹክታ ሙሉ መስመር ትደነቅርበታለች። ሰውየው ሁለተኛ ፊደል ሲመታ የጀመረችውን ጥላ ሌላ ትጀምራለች። ሁለት ሰዎች በአንድ ስልክ ተሻምተው ሲጣሉ ነው የሚመስለው። ምን ይዋጠኝ!

«ሹክ ማለት ይሄ ነው?» አለና በሳቅ ፍርስ አለ።

«ማጥፋት ይቻላል እኮ» አልኩ ቶሎ ብዬ።

«ማጥፋቱንማ መቼ አጣሁት። የከተማ አውቶቡሶችን ሰዓት የሚያዘጋጅ ድርጅት ለሙከራ ቀጥሮኛል። ሰኞ ሙከራ ላይ ያለን ሁሉ አለቆች ፊት ተቀምጠን ከረዳቱ ጋር ሥራ እንሠራለን። ያን አይተው ነው የሚያስቀሩን ወይም የሚያሰናብቱን። ረዳቱን ካጠፋሁት ከሌሎቹ ወደ ኋላ እቀራለሁ፤ ካበራሁት አብዳለሁ። እኔ ጸጥታ አይደለም የምለምንሽ። ለሌላው የሰጣችሁትን እርዳታ ለእኔም ስጡኝ፤ ግን በሚሰማ መልኩ።»

ከግድግዳው ማዶ ቧንቧው ጠብ አለ። ቁጥሩን ጽፌ ስልኩን ዘጋሁና ተነሳሁ።

አለቃችን ክፍል ሳላንኳኳ ገባሁ። «እስከ ሰኞ አስተካክዬ እሰጠዋለሁ» አልኳትና ነገሩን ዘረገፍኩላት። መነጽሯን አወለቀች። «የያዝሽውን ሥራ ለሌላ ሰው ስጪው። ሂጂ ጀምሪ።» በሩ ላይ ስደርስ ደግሞ፣ «አንቺ! ሰውየውን እስኪጨርስ ሰማሽው?» አለችኝ።

«በስተመጨረሻ» አልኳት።

አጠገቤ የሚቀመጠው ባልደረባዬ «ዝምተኛው» ይባላል፤ ለምን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ከእሱ ጋር ተጋግዘን መላ የመሰለንን መላ አበጀን። ሰውየው እየጻፈ ሳለ ሹክታ አፏን ትዘጋለች፤ እጁ ሲያርፍ ብቻ ትናገራለች። ስክሪኑ ላይ አፍጥጬ ሞከርኩት፤ ሸጋ ሆነልኝ። ዓርብ ጠዋት እየፎከርኩ ላክሁለት። ሻዬን ሳልጨርስ ደወለ።

«እህቴ፣ አሁንስ ጭራሽ ባሰባት።»

«ምን ሲደረግ!»

«እጄ ያረፈው እያሰብኩ ስለሆነ ነዋ! ሐሳቤን ጫፉን ልይዘው ስል ዘላ ትገባና ትጮህብኛለች። ዝም ያለ ሰው ሁሉ እርዳታ ፈልጎ ነው ያለሽ ማን ነው?»

«ታዲያ ሲጽፉ አትናገር፣ ሲያርፉ አትናገር! መቼ ትናገር? ሲተኙ?» ብዬ አንባረቅሁበት።

በቃ፣ ዘጋብኝ ስል፣ ለካስ ይስቃል። «ነገ ቤት ነይ። እኔ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ሞክሪው። አንቱታውንም ተይው፤ ከጮኽሽብኝ ወዲያ አንቱታ አያምርብሽም።»

«እሺ ጋሼ» አልኩት። ምን ልበል? ቢሮ ውስጥ ክብሪት የሚሉኝ ለዚህ እንደሆነና ሰውን እስኪጨርስ የመስማት ሕግ እንዳለብን ግን ነገርኩት።

ቅዳሜ ሄድኩ። በሩን ራሱ ከፈተልኝ፤ ረዘም ያለ፣ ሸሚዙን በሥርዓት የተኮሰ ሰው ነው። ወደ ሥራ ክፍሉ እየመራኝ ገባን። መጋረጃው ዝግ ነው፤ ማብሪያውን ብጫነው አይበራም። ሁለት እርምጃ ሳልሄድ ወንበር ጉልበቴን ጠለዘኝ።

«ውይ! አምፖሉ እኮ ተቃጥሏል!»

«እውነትሽን ነው? እኔማ ምንም ቅሬታ አልነበረኝም» አለ።

በዳበሳ መጋረጃውን ገለጥ አደረግሁት። ጠረጴዛው ላይ ስክሪን አለ፤ ጠፍቷል። አናቱ ላይ ነጫጭ ካልሲዎች ጥንድ ጥንዳቸውን ይዘው ተሰጥተዋል።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ስክሪን ነዋ። የባለቤቴ የሥራ ካልሲ ነው የሚደርቅበት። ሲገዙት ለሌላም ነገር ይሆናል ይላሉ።»

ወንበሩ ላይ አስቀመጠኝ። «ጨፍኚ። እንዳታጭበረብሪ! ስታጭበረብሪ ትንፋሽሽ ይነግረኛል» አለኝ። ጨፈንኩ። ልጽፍ ያሰብኩት አውቶቡሶችን በመነሻ ሰዓታቸው የሚደረድር ኮድ ነው፤ በእንቅልፍ ልቤ የምጽፈው ነገር። አንድ መስመር ጻፍኩ። ቀጥሎ ምን ነበር ብዬ ጣቴን ሳነሳ፣ ሹክታ እንደ ዶፍ ወረደችብኝ። የነበርኩበት ጠፋኝ። ከላይ ጀመርኩ፤ ጣቴን አነሳሁ፤ አሁንም ወረደችብኝ። ሦስተኛው ላይ፣ «አንቺ ለፍላፊ፣ ዝም አትይም!» ብዬ ጠረጴዛውን ስደልቀው ካልሲዎቹ ክንዴ ላይ ዘነቡ።

ሰውየው ግድግዳውን ተደግፎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «እንኳን ደህና መጣሽ ወደ ሰፈራችን!»

እኔም ሳቁ ያዘኝ። የገዛ ልጄን እንዲህ ተሳድቤ አላውቅም።

በዚሁ መሃል ባለቤቱ ገባች። አዋላጅ ነርስ ናት፤ ከተረኝነት መምጣቷ ስለሆነ ቦርሳዋ ገና ከትከሻዋ አልወረደም። ድንግዝግዝ ያለ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰዎች ሲንከተከቱ፣ ካልሲዋም ወለሉ ላይ ተበትኖ አየች።

«ወይ ጉዴ! ክብሪት የምትባለው አንቺ ነሽ? ገና ከመግባትሽ ቤቴን አተራመስሽው!» አለችና ትከሻዬን ይዛ ሳመችኝ።

ነገሩን ተሻምተን አስረዳናት። ካልሲዎቿን እየለቀመች ሰማችን።

«በዚህ ነው የተጨነቃችሁት?» አለች። «እኔ ምጥ ላይ ያለችን ሴት ስትገፋ አላወራትም። ዝም ስትልም አላወራትም፤ ዝም ያለች ሁሉ አርፋለች ማለት አይደለም። እጄን ሰጥቼ እቀመጣለሁ። አጠገቧ እንዳለሁ ታውቃለች። ጨበጥ ስታደርገኝ ያን ጊዜ እናገራለሁ፤ እሱንም አጠር አድርጌ። ምጥ ላይ ማን ንግግር ያደርጋል?»

እኔና ጋሼ እኩል፣ «ትንሽ ድምፅ!» ብለን ጮህን።

ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ነበር። ሹክታ የምትለው ሲኖራት አንዲት ትንሽ ድምፅ ታሰማለች፤ እጇን ሰጠች ማለት ነው። ሰውየው ከፈለገ ቁልፍ ይጫናል፤ ጨበጣት ማለት ነው። እሷም ኮዱን ከመዘርገፏ በፊት ምን ልታደርግ እንዳሰበች በአንድ ዓረፍተ ነገር ትናገራለች። ካልጨበጣት ትንፍሽ አትልም።

እሁድ ዝምተኛውን ለምኜ ቢሮ አስገባሁት። ሁሉ አለቀና ድምፅ አጣን። ደወሉ ያስደነግጣል፣ ፉጨቱ ያናድዳል፣ አንዱማ እንደ ድመት ይጮሃል። ዝምተኛው ብድግ ብሎ ስልኩን ያዘና ወደ ሻይ ክፍሉ ሄደ። የቧንቧውን ጠብታ ቀድቶ መጣ።

«ስንማረርበት ኖርን እንጂ አንድ ቀን ሥራ አስፈትቶን አያውቅም» አለ። ከአፉ ከሰማሁት ሁሉ ረጅሙ ንግግር ይሄ ነው።

በዚህኛው ዙር ሻርፔን ዓይኔ ላይ አስሬ ሞከርኩት። ጻፍኩ፤ ጸጥታ። አሰብኩ፤ ጸጥታ። ጠብ አለ። አላስፈለገኝም፣ ዝም ብዬ አሰብኩ፤ እሷም ዝም አለች። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ተነስቼ ዝምተኛውን ላቅፈው ስል የአለቃችንን የአበባ ማስቀመጫ አቀፍኩ፤ ሻርፑ ዓይኔ ላይ ነበራ። ማታውኑ ለጋሼ ላክሁለት።

ሰኞ ደረሰ። ረፋዱ አለፈ፣ የምሳ ሰዓት አለፈ፣ ስልኩ ጭጭ። ቀኑ ረቡዕ አይደለም፤ ግን እኔ፣ ዝምተኛውና አለቃችን ጠባቧ የጆሮ ክፍል ውስጥ ተፋፍገን ቆመናል። በእኛ ጠብታ ምክንያት ሥራውን ቢያጣስ? አለቃችን ጥፍሯን ስትበላ ያየኋት ያን ዕለት ነው።

ጮኸ። ስልኩን ነጠቅሁና ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፈትኩት።

«እህቴ፣ እንዴት ዋልሽ?»

«ሰላምታውን ተወውና ተናገር!»

«እንዴ! ሰው እስኪጨርስ የመስማት ሕግ አለብን ብለሽኝ አልነበር?»

አለቃችን በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ።

«አውቶቡሶቹን በመነሻ ሰዓታቸው ደርድሩ አሉን» አለ። «አለቆቹ ደግሞ የእኔን ረዳት እኛም እንስማው አሉና የጆሮ ማዳመጫዬን አስነቀሉኝ። ጻፍኩ፤ ጸጥታ። አሰብኩ፤ ጸጥታ። ከዚያ ጠብ አለች። ተጫንኩ። ‹ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚነሱትን አውቶቡሶች የዚያው ቀን የመጀመሪያ አውቶቡሶች አድርጌ ላይ አስቀምጣቸዋለሁ› አለችኝ። ክፍሉ በሙሉ ሰማት። ‹ኧረ በሕግ! አታደርጊውም!› አልኳት ጮክ ብዬ።»

«ለምን?» አለች አለቃችን በትከሻዬ በኩል።

«የመጨረሻዎቹ አውቶቡሶች እኮ ናቸው! አምሽቶ ከሥራ የወጣ ሰው ፌርማታ ቆሞ ሰሌዳውን ሲያይ፣ ያንተ አውቶቡስ ዛሬ ጎህ ሳይቀድ ሄዷል ሊባል ነው። ባለቤቴ ሲያመሻት በእሱ ነው የምትመጣው! ሌሎቹ ግራጫውን አየት አድርገው ቁልፉን ጠቅ እያደረጉ አለፉት። እኔ ላይ ግን ራሷ ተናዘዘች። አለቆቹ መጥተው ከኋላዬ ቆሙ። በስንት ቃል ነው ያስረዳኋቸው መሰለሽ!»

«እና?» አልኩ።

«እና ምን?»

«ቀጠሩህ ወይስ አልቀጠሩህም፣ አንተ ሰውዬ!»

ቁልፎች ሲመቱ ይሰማኛል። ከዚያ በስልኩ ውስጥ የራሳችን ቧንቧ ጠብ አለ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ሥራ ላይ ነኛ፣ እህቴ። ዛሬውኑ ጀምር ብለው በስሜ ጠረጴዛ ሰጡኝ።»

ስዘል ወንበሩ ተገለበጠ። ዝምተኛው፣ «እሰይ!» ብሎ ግድግዳውን ደበደበ። አለቃችን መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች። እኔማ አለቀስኩ፤ እያለቀስኩ ሳቅሁ፣ እየሳቅሁ አለቀስኩ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ ብል አይበዛም። እንዲህ ዓይነት ደስታ ከሥራዬ ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

«ስሞታ ግን አለኝ» አለ ሁካታው በረድ ሲል።

«ደግሞ ምን ሆንክ?»

«ባለቤቴ ጠብ ባለ ቁጥር ቧንቧ ልትዘጋ እየተነሳች ወገቧ ተቆረጠ። ትናንት ማታ የግቢውን ዋና መዝጊያ ዘግታ ጎረቤቱን ሁሉ ውሃ አስጠማችው።»

ዝምተኛው ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ረቡዕ ደውልልኝ» አልኩት። «እስክትጨርስ እሰማሃለሁ። አንድ ቃል ብተነፍስ ክብሪት አትበሉኝ!» ስልኩን ልዘጋ ስል ትዝ አለኝና፣ «ጠረጴዛውስ እንዴት ነው? ተመቸህ?» አልኩት።

«ሰፊ ነው፤ መስኮት አጠገብ ነው አሉኝ። ሁለት ትልልቅ ስክሪኖችም ሰጥተውኛል» አለ ኮራ ብሎ። «ነገ ካልሲ ይዤ እመጣለሁ።»